አውራው እየሰረረ እንቁላሉ ለምን ዘር አይይዝም? ቫይታሚን ኢ እና ሰሊኒየም በአውራ ዶሮ መኖ

[ምስል፦ ጨለማ ክፍል፣ በባትሪ ብርሃን የሚታይ እንቁላል]

እንቁላሉ መፈልፈያ ማሽን ከገባ 7ኛ ቀኑ ነው። በባትሪ ስታዩት ደም ሥር የለውም። ዘር አልያዘም ወይስ ጽንሱ ገና በጅምሩ ሞተ? ለመለየት ከዚያው መንጋ የዕለቱን ትኩስ እንቁላል ሰብራችሁ አስኳሉ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ ተመልከቱ። ጠጠር ያለች፣ ጠርዟ የተዛባ፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን ከሆነ ዘር አልያዘም። 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሰፍታ ክብ ቀለበት ከሠራች ይዟል።

ዘር ያልያዘው ከበዛ፣ አውራው ደግሞ ጤነኛ መስሎ ዘወትር የሚሰርር ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ዘሩ ጥራት ይዞራል።

[ምስል፦ የዘር ሕዋስ ሥዕል፣ ሽፋኑ በቀለም ተለይቶ]

የአውራ ዶሮ የዘር ሕዋስ ሽፋን እንደ ኑግ ዘይት ከኦክሲጅን ጋር በቶሎ በሚዋሃዱ ቅባቶች የተሞላ ነው። ሽፋኑ ተለጥጦ ጭራው እንዲዋኝ የሚያደርጉት እነዚሁ ቅባቶች ናቸው። ቶሎ የሚበላሸውም በእነሱ ምክንያት ነው። የዘር ፍሬው ሆድ ውስጥ፣ 41 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይሠራል። ሕዋሱ ደግሞ ሲበስል አብዛኛውን የውስጥ ፈሳሹን ስለሚጥል ራሱን የሚጠግንበት ነገር አይተርፈውም።

ጥበቃው ከመኖ ይመጣል። ቫይታሚን ኢ ሽፋኑ ውስጥ ተቀምጦ የመበላሸቱን ሰንሰለት ይቆርጣል። በ1922 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ሲገኝም የታወቀው ያላገኙት አይጦች መውለድ ስላቃታቸው ነበር። ሰሊኒየም ደግሞ የተፈጠረውን መርዛማ ፐርኦክሳይድ የሚሰብረው ኢንዛይም አካል ነው። አንዱ የሌላውን ጉድለት በከፊል ያቃልላል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይተካውም።

[ምስል፦ ሚዛን፣ የቫይታሚን ዱቄት፣ የበቆሎ ዱቄት]

መጠኑ። ለመራቢያ አውራዎች በኪሎ መኖ 100 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኢ ጥሩ ዒላማ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ዱቄት ባለ 50 ፐርሰንት ከሆነ ለአንድ ኩንታል 20 ግራም ይበቃል። 20 ግራም ኩንታል ላይ በትናችሁ በአካፋ ብታገላብጡት ግን አንዱ ዶሮ ብዙ ያገኛል፣ ሌላው ምንም። መጀመሪያ ከ1 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር፣ ቀጥሎ ከ10 ኪሎ መኖ ጋር፣ በመጨረሻ ከቀረው ጋር ቀላቅሉት።

ሰሊኒየም ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። አሜሪካ በኪሎ መኖ ከ0.3 ሚሊ ግራም በላይ እንዲጨመር አትፈቅድም፤ ለእኛም ጥሩ ወሰን ነው። አብዛኛው ፕሪሚክስ (መኖ ላይ የሚጨመር የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ) አስቀድሞ ሰሊኒየም ስላለበት ሳታነቡ ሌላ አትደርቡ። በኪሎ ወደ 5 ሚሊ ግራም ሲጠጋ መርዝ ይሆናል። ሴቶቹ ከዚያው መኖ ስለሚበሉ ጫጩት መንቆሩ ተጣሞ ወይም ዓይን ሳይኖረው እንቁላሉ ውስጥ ይቀራል።

[ምስል፦ መጋዘን፣ የፋጉሎ ጆንያዎች]

ብዙ አርቢ የሚስተው ግን እዚህ ነው። የኑግ ፋጉሎ በመጭመቂያ የወጣ ስለሆነ ዘይት ይቀርበታል። በሞቃት መጋዘን ሲከርም ይከረፋል። ያኔ የመኖው የራሱ ቫይታሚን ኢ ጆንያው ውስጥ ያልቃል፤ ዶሮው የሚውጠው የተበላሸ ዘይት ደግሞ በአካሉ የተከማቸውን ይጨርሳል። እንዲህ ያለ ፋጉሎ እየሰጡ ቫይታሚን መግዛት በተቀደደ ጆንያ እህል መስፈር ነው። ሽታው አፍንጫን ከከነከነ አትግዙ። ከአንድ ወር ፍጆታ በላይ አታከማቹ። ጆንያውን ከወለል ከፍ አድርጋችሁ በእንጨት ላይ ደርድሩ። የተከፈተ ፕሪሚክስም እርጥበት ሲነካው ውስጡ ያሉት መዳብና ብረት ቫይታሚኑን ያጠፉታል።

ሙቀት በበዛበት ቆላ ቫይታሚን ሲም ይታሰብ። ዶሮ በኩላሊቷ ራሷ ትሠራዋለች፣ ሙቀት ሲበረታባት ግን አይበቃትም። በክሎሪን በታከመ ውሃ ከሰጣችሁት ቶሎ ስለሚከሽፍ ክሎሪን በሌለው ውሃ በየጠዋቱ አዲስ በጥብጡ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? አዲስ የዘር ሕዋስ ለመሠራት 2 ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ሴቷ ደግሞ የድሮውን ዘር 2 እና 3 ሳምንት በማህፀኗ ጥግ አስቀምጣ ትጠቀምበታለች። ቫይታሚን ለ5 ቀን ውሃ ውስጥ በጥብጦ ለውጥ አጣሁ ማለት ስለዚህ ፍርደ ገምድልነት ነው። አንድ አውራ ለ20 ሴት ቢመደብ፣ አውራው ቢወፍር ወይም እግሩ ቢቆስል ግን የትኛውም ቫይታሚን አያድነውም።

መኖውን ከመቀየራችሁ በፊት 30 እንቁላል በባትሪ አይታችሁ ዘር የያዘውን ቁጥር ከነቀኑ ጻፉ። ከ6 ሳምንት በኋላ ከእነዚያው ሴቶች ሌላ 30 እዩ።