ተርዚያን፦ ሐረር የደረሰው የሰፊዎች ስም

[ምስል፦ የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ፣ ከዚያ የከዚራ ጎዳናዎች]

አቦ እንዴት ናችሁ! ድሬ ውስጥ ስምህን የጠየቀህ ሰው ያንተንና የአባትህን ይሰማል፤ ቢበዛ የአያትህን ትጨምርለታለህ። ቅድመ አያትህ ከስምህ ወጥተዋል። እዚሁ ከተማ ግን ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ ስም ይዘው የኖሩ ጎረቤቶች ነበሩን፦ ግሪኮች፣ ሕንዶች፣ አርመኖች። ዛሬ ከነዚያ ስሞች አንዱን እንከተላለን። ተርዚያን።

[ምስል፦ ስሙ በአርመን ፊደል ተጽፎ]

«ተርዚ» በቱርክኛ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቱርኮች ከፋርሶች የወሰዱት ቃል። «ያን» ደግሞ አርመንኛ ነው፤ «የነ እገሌ ወገን» እንደማለት። ሲገጠም «የነሰፊው ልጆች» ይሆናል።

አርመን ሆኖ በቱርክኛ ሙያ መጠራት ለምን? በኦቶማን ቱርኮች መንግሥት ሥር ይኖሩ የነበሩ አርመኖች ብዙዎቹ የከተማ ባለሙያዎች ስለነበሩ፣ ገበያው በሚናገረው ቋንቋ ተጠሩ። እኛ አገር የምናውቃቸውም ከዚሁ ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ኬቮርክ ናልባንዲያን በስማቸው የፈረስ ኮቴ ላይ ብረት የሚመታ ሰው ወገን ናቸው። የምኒልክ ፎቶ አንሺ የነበሩት ቤድሮስ ቦያጂያን ደግሞ የቀለም ነካሪ።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ተርዚያን የሚባል አንድ ቅድመ አያት የለም። ሰፊ ያልነበረበት ከተማ ስላልነበረ ስሙ በየቦታው ለየብቻው በቅሏል። ስለዚህ ሁለት ተርዚያኖች ቢገናኙ ዘመድ ላይሆኑ ይችላሉ። ግሪኩ ተርዚስ፣ ቡልጋሪያዊው ተርዚዬቭ፣ ሰርቡ ተርዚች፣ ቱርኩ ተርዚኦሉ ሁሉም ያንኑ ሰፊ በየቋንቋቸው ቅጥያ የያዙ ናቸው። የሚያገናኛቸው ደም ሳይሆን የኦቶማን ገበያ ነው።

[ምስል፦ ካርታ፤ ከአናቶሊያ እስከ ዘይላ፣ ከዘይላ እስከ ሐረር]

ታዲያ ሐረር እንዴት ደረሰ? ግብጾች ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ሐረርን ይዘው በቆዩበት ዘመን ለውጭ ነጋዴ በሩ ተከፈተ። በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ በምኒልክ እጅ ስትገባ ደግሞ የቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን መንገድ የሚያውቅ ነጋዴ ተፈላጊነቱ ጨመረ። ከእነዚህ ነጋዴዎች አንዱ ሰርኪስ ተርዚያን ነበሩ። ሐረር ተቀምጠው ነገዱ፤ ለምኒልክም የጦር መሣሪያ ገዙ። ሀዲድ ሳያስፈልገው በመንገድ የሚሄድ የእንፋሎት ሞተር ወደ አዲስ አበባ ያስመጡትም እሳቸው ናቸው፤ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ አገሬው ያደረገውን እወደዋለሁ። የቤተሰቡን ስም ትቶ ሰውየውን በራሳቸው ስም ጠራ። በአገራችን ወግ ሰው ማለት መጀመሪያ የራሱ ስም ነዋ!

ሐረር የሰፊ ስም መቀበሏም ያምርባታል። ከፈረስ መጋላ ወደ ጀጎል ውስጥ ስትዘልቁ መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ ታገኛላችሁ፤ ስሙን ያወጡለት የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ናቸው። የኛ ሰፊዎች ስም የሰጡት ለመንገድ ነው፤ የአርመን ሰፊዎች ግን ለልጅ ልጆቻቸው።

በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ቀርቶ ከሥር ድሬዳዋ ላይ ቆመ። ንግዱም፣ ነጋዴውም ወረደ። የድሬዳዋው ከዚራ የውጭ ዜጎች ሰፈርነቱ ከዚያ ይጀምራል።

[ምስል፦ የዓለም ካርታ]

የስሙ ትልቁ ስርጭት ግን የንግድ አይደለም፤ የመከራ ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. የጀመረው የአርመኖች ጭፍጨፋ የተረፉትን ወደ ሶርያና ሊባኖስ፣ ከዚያም ወደ ፈረንሳይ፣ አርጀንቲናና አሜሪካ በተናቸው። ዛሬ ተርዚያኖችን የምታገኟቸው በነዚህ አገሮች ነው። ኢትዮጵያ የነበሩትም ቢሆኑ አብዛኞቹ ከ1966ቱ አብዮትና በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ ወጥተዋል።

የላቲን አጻጻፉም መንገድ ይጠቁማል። መጨረሻው ላይ ያለው «ያን» በ«አይ» (-ian) የተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ የስደተኛው ወገን ነው፤ በ«ዋይ» (-yan) ከሆነ ከራሷ ከአርመን ሪፐብሊክ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቱርክ ውስጥ ግን በ1934 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤተሰብ ስም ሕግ ደንብ «ያን»ን ስለከለከለ፣ እዚያ ከቀሩት አርመኖች ብዙዎቹ ቅጥያውን ቆርጠው ሌላ መልክ ያዙ።

[ምስል፦ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገጽ]

ይህ ሁሉ የውጭ ሰው ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። በሚያዝያ 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ይደነግጋል። በወረቀት አለን፤ በኑሯችን አልያዝነውም። ውጤቱን የሚያየው የተሰደደው ነው። ቅጽ ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል፤ አባትና ልጅ በአንድ አውሮፕላን ሄደው በሁለት የቤተሰብ ስም ይመዘገባሉ። የድሬ ልጆች ቶሮንቶም፣ ሜልቦርንም ይህን እያስረዱ ነው የሚኖሩት።

እና አያቶቻችሁ ቤት አሮጌ ፎቶ ወይም ደረሰኝ ላይ ተርዚያን የሚል ስም ካገኛችሁ፣ ከስሙ አጠገብ የተጻፈውን የትውልድ ከተማ ፈልጉ። የኢትዮጵያ አርመኖች ብዙዎቹ በዛሬዋ ቱርክ ካሉት ከአራብኪርና ከአይንታብ ከተሞች ናቸው፤ ቤተሰብን ከቤተሰብ የሚለየው ያ ነው። ስሙ ብቻውን ሙያቸውን እንጂ የማን ልጆች እንደሆኑ አይነግራችሁም።