መካሪ አሰልጣኝ እንዴት ይገኛል? የድሬዳዋና የሐረር አድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ መልስ የሚሰጡት ኮሌጅ ውስጥ የስፖርት ትምህርት የሚያስተምሩ ባለሙያዎች ናቸው። ጥያቄዎቹ በስልክና በአጭር መልእክት የደረሱን ናቸው።

ከሳቢያን፦ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፤ የጂም አሰልጣኝ መሆን እፈልጋለሁ። ጎበዝ መምህር አሉን፤ «መካሪ ሁኑኝ» ልላቸው አስቤ አፈርኩ።

መልስ፦ እንዲህ ከተጠየቁ እሳቸውም ምን እንደፈለግህ አይገባቸውም። ሥራ ይዘህ ሂድ። ጓደኛህን ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ስታሠራ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጽ፤ ስልኩን በወገብ ከፍታ ከጎን አስቀምጠው፣ አንተም ትታይ። ከዚያ «የቱ ጋ ነው የሳትኩት?» በላቸው። ደህና መምህር ከጓደኛህ ይልቅ አንተን ነው የሚያየው፤ የት እንደቆምክ፣ ስንት ቃል እንዳወጣህ።

ጀማሪ ፊት ለፊት መቆም ይወዳል። ከዚያ ጉልበት ወደ ውስጥ ሲገባ ይታያል፤ የተረከዝ መነሳትና የወገብ መጉበጥ ግን ያመልጣል። የመጀመሪያውን ዙር ከጎን፣ ሁለተኛውን ከፊት እይ። ሌላው በሽታ ወሬ ማብዛት ነው፦ «ደረት አውጣ፣ ጉልበት ክፈት፣ ተንፍስ» ባንድ ጊዜ። ሰውየው አንዱንም አይዝም። ለአንድ ዙር አንድ እርማት ይበቃል። ተረከዙ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ቁርጭምጭሚቱ በቂ ስለማይታጠፍለት ነው፤ ከተረከዙ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጣውላ አድርግለትና ድገም። ከተስተካከለ ችግሩን አገኘኸው።

ቪዲዮውን ካዩልህ በኋላ እሳቸው ሲያሠሩ ተገኝተህ መዝግብ፣ ቀጥለህ ማሟሟቂያውን ብቻ ምራ፣ በመጨረሻ ሙሉውን ሰዓት እያዩህ አሠራ። መሃለኛውን ዘሎ የሚሄድ ተማሪ ሰው ፊት ሲቆም ድምፁ ይጠፋል።

ከከዚራ፣ በአጭር መልእክት፦ ጂም ውስጥ «እየተማርክ ነው» እየተባልኩ ክብደት ስሰበስብ እውላለሁ። ይህም ልምድ ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት፣ አዎ። ዕቃውን ታውቃለህ፣ የኬብል ማሽን ሽቦ መበጣጠስ ሲጀምር መለየት ትማራለህ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ እንኳ ሰው ስታሠራ ቆሞ አይቶ «ይህን አስተካክል» የማይልህ ከሆነ ተቀጣሪ ነህ፤ ደሞዝህን ጠይቅ። የባለቤቱ ክንድ መወፈር አስተማሪ አያደርገውም።

ከሐረር፣ እህታችን፦ መምህሮቻችን ወንዶች ናቸው፤ እኔ የማሠራው በሴቶች ሰዓት ነው። ምን ይጠቅሙኛል?

መልስ፦ ገብተው ባያዩሽም ደብተርሽን ማንበብ ይችላሉ። ለእያንዳንዷ ደንበኛ ክብደቱን፣ ድግግሞሹን፣ ከ1 እስከ 10 ምን ያህል እንደከበዳትና ያመማት ቦታ ካለ ጻፊ። ስትወስጂላቸው ስም አይኑርበት፤ የሴቶቹ ምስጢር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያው 10 ኪሎ ዳምቤል (የእጅ ክብደት)፣ የከበዳት መጠንም ያው «5» የሚል ካዩ የደንበኛሽ ለውጥ እንደቆመ ወዲያው ይነግሩሻል። በተከታታይ ሁለት የልምምድ ቀን ከታዘዘላት 2 ድግግሞሽ ከጨመረች ክብደቱን ከ2 እስከ 10 በመቶ ማሳደግ ነው ደንቡ። ችግሩ፣ ከ10 ኪሎ ቀጥሎ ያለው ዳምቤል 12.5 ከሆነ ጭማሪው 25 በመቶ መሆኑ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ድግግሞሹን ከ12 ወደ 15 አድርሺ፣ ከዚያ ክብደቱን ቀይሪና ወደ 8 ተመለሺ። በቅርብ የወለደች ወይም በኦፕራሲዮን የወለደች ስትመጣ ግን መምህርሽም አንቺም አትወስኑ፤ ከሐኪሟ ፈቃድ ታምጣ።

ከመጋላ፦ አቦ፣ ደንበኞቼ ከበርጫ ተነስተው ነው የሚመጡት። መምህራችን «አትቀበል» ይላሉ። እንጀራዬን ልመልስ?

መልስ፦ መምህራችሁ ልክ ናቸው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ድካምን ይደብቃል። የመረቀነ ሰው «ዛሬ ጉልበት አለኝ» ይላል፤ «ስንት ከበደህ?» ብትለው መልሱ አይታመንም። የድሬ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። አምስት ደቂቃ አስቀምጠውና የእጁን ምት ለ30 ሰከንድ ቆጥረህ በሁለት አባዛ። ከ100 ካለፈ ክብደት አይነሳም። ግፊቱ 180/110 ወይም በላይ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ደረቴን አመመኝ ካለማ ሳትለካ ሆስፒታል አድርሰው።

ከመምህራችሁ መማር ያለብህ እንዴት እንደሚመለስ ነው። እሳቸው ደንበኛ ሆነው ይከራከሩህ፣ አንተ መልስ። «ዛሬ ልብህ ቀድማህ ሮጣለች፤ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ና፣ የከፈልከው አይቃጠልም» ስትለው የሚቀየም የለም። ያልከውን ግን በመዝገብ ላይ አስፍረው፤ ቀኑ ከተቃጠለበት ሁለተኛ አይመጣም።