ክፍል 41፦ ጋቢው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገትበት የከረምኩት ነገር አለ።

የጋቢውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ስንቴ ነግሬያችኋለሁ! ገና ሳይነጋ፣ አውቶቡስ ተራ፣ አባዬ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ በመስኮት ሲያቀብለኝ። «የሰው አገር ብርድ ይከፋል» ሲለኝ። ይሄን ፖድካስት የጀመርኩት በዚህ ታሪክ ነው።

እና ባለፈው ሳይሆን በዚያኛው እሑድ እታለም ቤት ነበርኩ። እሷ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። እኔ ለልጆቿ የጋቢውን ታሪክ አወራለሁ። ቀና እንኳን አላለችም።

«ያን ቀን እኮ አንቺ አልነበርሽም» አለችኝ።

የምትቀልድ መሰለኝ። «ጋቢውን የሰጠው ለእኔ ነው፤ ጎንደር ስሄድ። አንቺ ተኝተሽ ነበር። ስመለስ እኔ ነኝ የነገርኩሽ።» ልጣጩን በእጇ ጠራርጋ ወደ ጎን አደረገችው። ልታስከፋኝ ብላ አይደለም። ስለ ሽንኩርቱ እንደምታወራ ሁሉ ነው የተናገረችው። «አንቺማ ጅማ የሄድሽው በአጎታችን ፒክአፕ ነው።»

እዚህ ላይ ነው የቀረሁት። ምክንያቱም ፒክአፑንም አስታውሰዋለሁ! ከኋላ የተጫነው ፍራሽ፣ የታሰረበት ገመድ፣ ሁሉም አለ። አውቶቡሱም አለ፣ ፒክአፑም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጊቢ የገባሁት ግን አንድ ቀን ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ሁለቱ አብረው ሲኖሩ፣ አንድም ቀን «ቆይ፣ በየትኛው ነው የሄድኩት?» ብዬ አላውቅም።

እታለም ተነሳች። እጇን ታጠበች። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ጋቢውን አወጣችው። እሷ ጋ ነው ያለው። ሁሌም እሷ ጋ ነበር። ይሄንንም አውቅ ነበር እኮ!

ሳይኮሎጂ ተምሬ ነው ደግሞ። መምህራችን ትዝታ እንዴት እንደሚቀመጥ ለማሳየት ሰሌዳው ላይ ሦስት ሳጥን ይስሉልን ነበር፤ አትኪንሰንና ሺፍሪን እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረቡትን። በስሜት ሕዋሳት የሚገባው፣ ለአጭር ጊዜ የሚቆየው፣ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው። ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂን ከልቤ ነበር የምወደው። ከኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ ሰዎች በፊት የነበሩት ቢሄቪየሪስቶች የሚታየውን ባህሪ ብቻ እናጥና ይሉ ነበር። እነዚህ ግን መሃል ላይ፣ ጭንቅላት ውስጥ ምን እየተካሄደ ነው ብለው ጠየቁ። ኮምፒውተርን አይተው፣ አእምሮም መረጃ ይቀበላል፣ ያስቀምጣል፣ መልሶ ያወጣል አሉ። እሺ። የእህቴ ጠዋት ታዲያ በየት በኩል ነው እኔ ሳጥን ውስጥ የገባው?

ኡልሪክ ናይሰር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1967 «ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ» የሚለውን መጽሐፍ የጻፈው። ይህ ሰው ልጅ ሆኖ ጃፓን በአሜሪካ ላይ ያደረሰችውን የፐርል ሃርበር ጥቃት የሰማው በሬዲዮ ቤዝቦል ሲያዳምጥ፣ ጨዋታው ተቋርጦ እንደሆነ ያስታውስ ነበር። ለብዙ ዓመት። ጥቃቱ የደረሰው ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ነው። በዲሴምበር ደግሞ ቤዝቦል የለም። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ያን ቀን በሬዲዮ ይተላለፍ የነበረው የአሜሪካ ፉትቦል መሆኑን ጠቆሙ። ከሥሩ እውነት ነበረ ማለት ነው። ይሄ ለአንድ ቀን ያህል አጽናናኝ። የእኔም ከሥሩ የሆነ ነገር ይኖረዋል ብዬ። ግን እኮ የእኔ ትዝታ እውነት ነው፤ አባዬ አድርጎታል። ለእኔ አላደረገውም እንጂ።

እንዲህ ሲባል ደግሞ... ቆይ።

ጋቢው የእሷ ይሁን፤ ይገባታል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። እኔ የሄድኩ ቀን አባዬ ምን አደረገ? አላውቅም። በቦታው ምንም የለኝም። እሱን ደግሞ አሁን መጠየቅ አልችልም።

እታለምን ጠይቂያት ትሉኝ ይሆናል። እፈራለሁ። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡትን ጥናት አስቡት። ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም ያያሉ። ከዚያ መኪኖቹ «ሲነካኩ» ስንት ይበሩ ነበር ሲባሉ፣ በአማካይ በሰዓት ወደ 32 ማይል ይላሉ። «ሲላተሙ» ተብለው የተጠየቁት ደግሞ ወደ 41። በሌላ ሙከራ ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ተባሉ። ፊልሙ ላይ መስታወት አልተሰበረም። «ሲላተሙ» ከተባሉት 50 ተማሪዎች 16ቱ አዎ አሉ። አንድ ቃል ነው እኮ!

ታዲያ እኔ እታለምን ምን ብዬ ልጠይቃት? «አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር?» ብላት፣ ጥያቄዬ ራሱ በሩ ላይ ያቆመዋል። ለእሷም፣ ለእኔም። ከዚያ በኋላ መለየት አልችልም። ትናንት ማታ ደውዬላት ስለ ልጆቹ አውርተን ዘጋሁ።

ባልጠይቃትስ? እሷም አንድ ቀን...

ያለኝ ፒክአፑ ብቻ ነው። ሲነሳ ከኋላችን አቧራው ይታየኛል። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ አቧራ ብቻ፤ ሰው ካለም ከአቧራው ወዲያ ነው። ይሄኛው የራሴ ነው፤ ማንም አልነገረኝም። መስከረም መጀመሪያ ነበር፤ የእንቁጣጣሽ አበባ ገና ቤት ውስጥ ነበረ። ዝናቡም ገና... መስከረም መጀመሪያ ላይ የሰፈራችን መንገድ እኮ ጭቃ ነው። አቧራው ታዲያ...