ጋሼ የማን ሠራተኛ ነበሩ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሆዴ ውስጥ ብዙ የቆየ ነገር አለ፣ እሱን ላውራችሁ።

ይህን ፖድካስት ከመጀመሬ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነበር የምሠራው። ወር በመጣ ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ ከሚቀመጡት ወረቀቶች አንዱ የጥበቃ ኤጀንሲው የክፍያ መጠየቂያ ነው። የጥበቃዎቹ ብዛት፣ የአንዱ ሰው ዋጋ፣ ቫት፣ ጠቅላላ ድምር። ክፍያውን አዘጋጃለሁ፣ አስፈርማለሁ፣ አለቀ።

በራችን ላይ የነበሩትን ጥበቃ «ጋሼ» ነበር የምላቸው። ጠዋት «ልጄ፣ ደህና አደርሽ?» ሳይሉኝ አልፌ አላውቅም። አንድ ቀን ደመወዛቸውን ነገሩኝ። እኔ አልጠየቅኩም። አከራያቸው ኪራይ ጨምሮባቸው ሲብሰለሰሉ ነው ያደሩት፤ ሳላስበው አወጡት። ቁጥሩን ስሰማ ክው አልኩ። ድርጅቱ በእሳቸው ስም ለኤጀንሲው ስንት እንደሚከፍል አውቃለኋ! በገዛ እጄ ነው የምሠራው። እሳቸው ጋ የሚደርሰው ግማሹ እንኳ አልነበረም።

ምን አልኳቸው? «አይዞዎት ጋሼ» አልኩና ገባሁ። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ኤጀንሲ ወጪ አለበት፣ ማትረፍም አለበት፤ እሱን እረዳለሁ። ግን ከግማሽ በላይ? ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ ከሚቆመው ሰው?

ከዚያ በኋላ ማስተዋል ጀመርኩ። ደመወዝ ቀን የኤጀንሲው ልጅ በሞተር ይመጣል። ፔሮሉን አጥፎ ነው የሚያስፈርማቸው። የራሳቸው መስመር ብቻ እንድትታይ ከላይና ከታች ያለውን በእጁ ይሸፍነዋል። ጋሼ መነጽራቸውን እስኪያወጡ እንኳ አይጠብቃቸውም። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ» ይላቸዋል። ይፈርማሉ። የጡረታ ተቀናሽ አለ ይባላል። ሕጉ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው የሚለው። ገቢ ተደርጎላቸው እንደሆነ ጋሼ አንድም ቀን ያዩት ወረቀት የለም።

ሰዓቱስ? 24 ሰዓት ሠርተው 24 ሰዓት ያርፋሉ። ጥበቃ ቤት ውስጥ «24 በ24» ነው የሚሉት። ሲሰሙት እኩል ዕረፍት ይመስላል። በሁለት ሳምንት ሰባት ተራ ነው፤ 168 ሰዓት። በሳምንት 84 ሰዓት ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። ትርፍ ሰዓትም በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ገደብ አለው። ሁለቱን ስትደምሩት 60 ነው። ቀሪው 24 ሰዓት ከገደቡ ውጪ ነው። በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ቀን ከነሌሊቱ!

ክፍያውም ተጽፏል። ትርፍ ሰዓት ቀን ላይ ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 1 ነጥብ 75። በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል። አንድ ዓመት ፋሲካ ጋሼ ተረኛ ነበሩ። ማክሰኞ ስገባ «በዓል እንዴት ነበር?» አልኳቸው። «ልጆቹ እኔ እስክመጣ ዶሮውን አልነኩትም» አሉኝ። በዚያ ወር የተከፈላቸው እንደ ሌላው ወር ነበር። አንዲት ሳንቲም አልተጨመረችም።

«ለምን አይናገሩም?» አልኳቸው አንዴ። «ለማን ልናገር ልጄ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ድርጅታችንን ቢጠይቁ «እርስዎ የእኛ ሠራተኛ አይደሉም» ይባላሉ። ኤጀንሲው ጋ ቢሄዱ «ድርጅቱ የሚከፍለን ይህን ነው» ነው መልሱ። ማኅበር ለማቋቋም አሥር ሠራተኛ ይበቃል ይላል አዋጁ። የኤጀንሲው ጥበቃ ግን አንዱ ቦሌ፣ አንዱ ሳሪስ፣ አንዱ ኮተቤ ነው። መቼ ተገናኝተው? የግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ ከዚህ አይወርድም የሚባል ወለል ደግሞ የለንም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ሜይዴይ በመጣ ቁጥር ይጠይቃል። አዋጁም የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር። ዓመታት አለፉ።

ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ሌላ ጥበቃ አገኘሁ። ወጣት ነው። «ሽማግሌውስ?» ስለው «ተቀየሩ» አለኝ። እኛ ቢሮ ያለ አንድ ኃላፊ «ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ቀይሩልን» ብሎ ደውሎ ኖሯል። ኤጀንሲው ደግሞ ጋሼን «ሳይቱ አልፈለገዎትም፣ ቦታ ስናገኝ እንደውላለን» አላቸው። የስንብት ደብዳቤ የለም። አባረርኩ የሚል ሰው የለም። ስልኩም አልተደወለም።

የሥራ ልምድ ለማጻፍ መጡ። አስተዳደር ክፍል አልተቀበላቸውም። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሳያቸው አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ግን ቀጥታ ሄድኩላቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ሻይ ቤት ተቀምጠን ወረቀት አውጥቼ ሰዓታቸውን አብረን ደመርን።

እባካችሁ ይህቺን ያዙልኝ። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ይቀራል ማለት ነው። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ከሆነ ያለው 3 ወር ነው። ዛሬ ነገ እያላችሁ ያላችሁ ካላችሁ ቀኑ እየቆጠረባችሁ ነው። ጋሼ ሦስት ዓመት ሌሊት ቆመዋል። አሁን ሊጠይቁ የሚችሉት የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ። ሻያቸው ቀዘቀዘ። በኋላ «እሱም ይሁን» አሉ።

ክሱ ተከፍቷል። ኤጀንሲው «24 ሰዓት አልሠሩም» ብሎ መልስ ሰጠ። በራችን ላይ ግን የተረኛ መረካከቢያ መዝገብ አለ። ጋሼ ሲገቡና ሲወጡ ሰዓት ጽፈው የፈረሙበት፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ ትልቅ ደብተር። ችሎቱ መዝገቡ ከድርጅቱ እንዲቀርብ አዟል። ምስክር ሆኜ የተቆጠርኩት እኔ ነኝ። አሁን እዚያ ቢሮ አልሠራም፤ ያየሁትን እናገራለሁ።

ስለዚህ ማክሰኞ የተለመደው ዝግጅት አይኖርም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከጋሼ ጋር ችሎት ነኝ።