ልጓሙ የት ነው ያለው?

እንዴት ሰነበታችሁ ወዳጆቼ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ባሕር ዳር ዝናቡ ገና አላባራም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከተሰማችሁ ታገሡኝ።

እምዬ ዳንግላ ቤታችን ደጃፍ ላይ ሁለት ጽጌረዳ ነበራት። አንደኛዋ ግንዷ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እባጭ አወጣች። መጀመሪያ ሽምብራ የምታህል ነበረች። ኋላ ቡጢ አከለች፤ ላይዋም እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻከረ። እኔ ቢላ አምጥቼ ቆርጬ ጣልኩላት። በዚያው ቢላ፣ ሳላጥበው፣ የሁለተኛዋን ቅርንጫፍ ገረዝኩ። በዓመቱ ሁለቱም አብጠው አገኘኋቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሁለተኛዋን ያስያዝኳት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በሽታውን የሚያመጣው አግሮባክቴሪየም የሚባል የአፈር ባክቴሪያ ነው። ስሚዝና ታውንሴንድ የተባሉ አሜሪካውያን ይህን ያሳዩት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1907 ነው። ሥራው ያስደነግጣል። ከገዛ ዲኤንኤው፣ ማለት የዘር መረጃው ከተጻፈበት ክር፣ ቁራጭ ቆርጦ ተክሉ ሕዋስ ውስጥ ያስገባል። ቁራጩ ተክሉን የዕድገት ሆርሞን ከልክ በላይ ያሠራዋል። ከዚያ ወዲያ ባክቴሪያው ቢሞት እንኳ እባጩ ማደጉን አይተውም። ተክሉ ራሱ ተለውጧላ!

እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ዝም ብሎ መኖር ይችላል። መሣሪያው ሁሉ አብሮት አለ። አይመዘውም። ማነው የያዘው?

ሮስ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ነው። በጥር እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ያየ ሰው ይገባዋል፤ ያ ሁሉ ጉልበት በልጓም ነው የሚያዝ። ሮስ ለባክቴሪያው ልጓሙ ነው። ዲኤንኤ የሚቆርጡትን ፕሮቲኖች በሚያሠሩት ጂኖች መነሻ ላይ ይቀመጥና እንዳይነበቡ ይከለክላል።

ዲኤንኤውን የሚጨብጠው ደግሞ በዚንክ ጣት ነው፤ ጣት የሚባለው ዚንክ የያዘ የፕሮቲኑ እጥፋት ነው። ዚንክ ስል ያንኑ ቆርቆሯችን እንዳይዝግ የሚለበጠውን፣ ሕፃን ሲያስቀምጠው ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ማለቴ ነው። አንዲት የዚንክ አቶም በአራት አሚኖ አሲዶች ተይዛ የፕሮቲኑን እጥፋት ታጸናለች። እሷ ከወጣች ጣቱ ቅርጹን ያጣል፤ ዲኤንኤውንም መያዝ ያቅተዋል። እንዲህ ያለው ጣት መጀመሪያ የታወቀው በፈረንጆቹ 1985 ነው፣ ከእንቁራሪት በተገኘ ፕሮቲን ላይ፣ በሳይንቲስቱ አሮን ክሉግ ቤተ ሙከራ። ባክቴሪያ ውስጥ ይገኛል ብሎ የጠበቀ ብዙም አልነበረም። የሮስ ጣት በፈረንጆቹ 1998 ሲታተም ለብዙዎች አዲስ ነገር ነበር።

አሁን የምነግራችሁን በጣም ነው የምወደው። ሮስ የሆርሞኑንም ጂን ይይዛል። ያ ጂን የተሠራው ተክል ውስጥ እንዲነበብ ነው፤ ባክቴሪያው ቤት ሥራ የለውም። እዚያ ሳለ ሮስ ያፍነዋል። ወደ ተክሉ ሲሻገር ግን ሮስ አብሮት አይሄድም። ልጓሙ ቤት ይቀራል፣ ፈረሱ ይወጣል።

መቁረጫዎቹስ መቼ ይለቀቃሉ? ተክሉ ሲቆስል። ከቁስሉ የሚወጣውን ፈሳሽ ባክቴሪያው ይለየዋል። ያኔ ቪር ጂ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይነቃል፤ ሮስ የያዘው ቦታ ላይ መጥቶ ይሻማዋል። እኔ በቢላ የከፈትኩት ያንን ቁስል ነው። መድኃኒት የሠራሁ መስሎኝ በሽታውን ጠርቼለት ነበር።

የሮስ ዘመዶች ብዙ ናቸው። መስከረም ላይ ረግረጋችንን የሚሸፍነውን ማገጥ ነቅላችሁ ሥሩን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሮዝ መልክ ያላቸው ፍሬ መሳይ እብጠቶች አሉት። እነዚያ በሽታ አይደሉም። ውስጣቸው ያለው ባክቴሪያ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ለማገጡ ይመግባል። ይህም ባክቴሪያ የሮስ ዘመድ አለው። ፕሮቲኑ ሲበላሽበት እብጠቱ ይወጣል እንጂ አይመግብም። ላም የሚያስጨነግፈው ብሩሴላም ሌላ ዘመድ ይዟል። እዚያ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያ ፕሮቲን ከሌለው ባክቴሪያው በሽታ የማምጣት አቅሙ ይዳከማል። አንድ ቤተሰብ፣ በእምዬ ጽጌረዳ፣ በማገጧና በላሟ ላይ!

ባለፈው ስሄድ ሁለቱንም ጽጌረዳዎች ከነሥራቸው ነቅለን አቃጠልናቸው። እምዬ ወዲያው ሌላ ጽጌረዳ ልትተክል ነበር። «አፈሩ ውስጥ አለ፣ እዚሁ ቦታ አትትከይ» አልኳት። እንደ በቆሎ ያለ ተክል ይህ በሽታ አይዘውም ብዬ አስረዳኋት። ትንሽ አዘነች። አበባው ነበር ደስ የሚላት።

አሁን ደጃፋችን በቆሎ አለ። ትናንት ስደውልላት እሸቱ ደርሷል አለችኝ።