መኪናው ሲቆም

ሰላም ናችሁ። ዛሬ አቦሉን እንኳ ሳልጠጣ ነው ድምፄን የምቀዳው። ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ነገር ውስጤን እየበላው ነው።

ማታ ነው። ዝናብ። ያው ባለቤቴ፣ «የኮምቦልቻ ሙቀት ጨረሰኝ» የሚለው ደሴዬ፣ ከኋላ መጥቶ ወገቤን ያዝ አደረገኝ። ደስ ብሎኛል እኮ! እኔም ፈልጌዋለሁ። ወዲያው ከሐረጎ ዳገት የወረደ ከባድ መኪና ደጃፋችን ላይ ፍሬን ያዘ። ጽስስስ... በቃ፣ ሰውነቴ እንጨት ሆነ። እጁን አነሳ። «ምን አደረግኩሽ?» አለኝ። ምንም አላደረገኝም። ቁጣ እንኳ የለውም ድምፁ። «ምን አደረግኩሽ?» ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር፣ ታውቃላችሁ። መንገዱ በ1990 ዓ.ም እስኪዘጋ ድረስ። መኪናው ደጅ ሲቆም እማ ሳቋን ታቋርጣለች። የምትስቅ ሴት እኮ ናት! ይመታት ነበር ወይ? አላየሁም። አንድ ቀን እንኳ እጇን ሲይዛት ግን፣ እሱንም አላየሁም።

ወንድሜም እዚያው ቤት ነው ያደገው። እሱ መቅረብ አይቸግረውም። መሰንበት ነው የሚቸግረው። ሦስት ወር፣ ከዚያ ሌላ ሴት። እኔን «ጨዋ ናት» ይሉኛል፣ እሱን «ወንድ አይደል?»። የሁለታችንም ያው ፍርሃት ቢሆንስ? ማንም አልጠየቀንም። ይሄ ያናድደኛል።

ሃዛንና ሼቨር የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1987 የጻፉትን አነበብኩ። የአዋቂ ፍቅር ሕፃን ካሳዳጊው ጋር ያለውን ትስስር ይመስላል ይላሉ። የሚሸሽ አለ፣ እንዳይተውት የሚሰጋ አለ፣ ተረጋግቶ የሚቀመጥም አለ። «ይኸው እኔ!» አልኩ። በፈረንጆቹ 1991 ደግሞ እነ ቤልስኪ የሚባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ቤቱ ያልተረጋጋ ልጅ ቶሎ ይጎረምሳል፣ ፍቅሩም አይጸናም የሚል መላምት አመጡ። ወንድሜ! ግን መላምት ነው። ኋላ የመጡት «ከወላጅ በዘር የሚወረሰውስ?» ብለው ሞግተዋል። እንግዲህ ከቤቱ ይሁን ከደሙ...

ትናንት ለእማ ደወልኩ። «አባባን ትወጂው ነበር?» አልኳት። ዝም። ከዚያ «አብሽሪ ልጄ፣ በርበሬው ደርቋል፣ መጥተሽ ውሰጂ» አለችኝ።

ደግሞ እኮ መኪናው ሲቆም እኔ እየሮጥኩ ነበር የምወጣው። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ አቅፎ ያነሳኛል። እወደው ነበር። በጣም። ታዲያ ቅዳሜ ምን ሆኜ ነው?

ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ባጠገቤ ሲያልፍ እጁን ይሰበስባል። ኮሪደሯ ደግሞ ጠባብ ናት። ልነግረው እፈልጋለሁ፣ ግን ከየት ብዬ...