የልብ ወለዳችን ቢጋር የት ይቀመጥ?

የተከበራችሁ ታላላቆቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በተለይ ደግሞ ያላለቀ ረቂቃችሁን በፍላሽ ይዛችሁ የመጣችሁ ወጣት ጸሐፊዎች፣ እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከአዘዞም ከማራኪም ተነሥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እንድናገር የተጠየቅሁት ልብ ወለድ ለማቀድ፣ ማለትም ቢጋሩን (የታሪኩን ንድፍ) ለማውጣት ስለሚረዱ ሶፍትዌሮች ነው። ከሶፍትዌሩ በፊት ግን ስለ ሐረገወይን ልንገራችሁ። ሐረገወይን የሁለተኛው ልብ ወለዴ ዋና ገጸ ባሕርይ ናት። ረቂቁ አጋማሽ ላይ ስደርስ ስሟ አልጥም አለኝና ጥሩወርቅ ልላት ወሰንኩ። ኮምፒውተሩ የድሮ ስሟን ፈልጎ ሁሉንም እንዲተካልኝ አዘዝኩት፤ ተካ። ረቂቁን በወረቀት አስወጥቼ ለአንዲት ወዳጄ ሰጠኋት። በሳምንቱ ደወለችልኝና «ጥሩወርቅን ወድጃታለሁ። ይቺ ምዕራፍ 14 ላይ ቡና የምታፈላው ሀረገወይን ግን ማን ናት? እኅቷ ናት እንዴ?» አለችኝ።

ሳጣራው፣ በላፕቶፕ በጻፍኳቸው ምዕራፎች ስሟ በሐመሩ ሐ ነበር። ባጃጅ ስጠብቅ በስልኬ በጻፍኳቸው ደግሞ በሃሌታው ሀ። ለእኛ ጆሮ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለቱ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ እንደዚያው ናቸው። እናም አንዲት ሴት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ሆና ቁጭ አለች። ቀሪዎቹን ለማግኘት ከ300 በላይ ገጾችን በዓይኔ መልቀም ነበረብኝ። «ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ» የሚለውን ምልክት ያደረግሁ እንደሆነ ደግሞ «የሐረገወይን»፣ «ለሐረገወይን»፣ «ሐረገወይንም» የሚሉት ሁሉ ያመልጡኛል፤ በእኛ ቋንቋ ስም ከፊቱም ከኋላውም ፊደል ይለጠፍበታልና። የእነዚህ ፕሮግራሞች ሠሪዎች ይህን የሚነግሩን አይመስለኝም። እርስ በርሳችን መነጋገር ያለብን እኛ ነን።

ስለዚህ «የቱ ሶፍትዌር ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው መልሼ የምጠይቀው «ረቂቅህ የሚያስቸግርህ የቱ ጋ ነው?» ብዬ ነው። ትዕይንቶችህ ቅደም ተከተላቸው አልያዝ ብሎህ ነው? ዘመኑ ተምታቶብህ ነው? ወይስ እንደኔ የሰዎችህ ስምና ጠባይ ጠፍቶብህ? የሦስቱም መድኃኒት የተለያየ ነው። ሕመሙን ሳይለዩ መድኃኒት መግዛት ገንዘብም ጊዜም ይበላል። እኔ አንድ ሙሉ ክረምት ገጸ ባሕርያቴን በሥዕልና በቀለም ሳስጌጥ አሳልፌ፣ መስከረም ሲጠባ አንድም አዲስ ምዕራፍ አልነበረኝም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ታላላቆቻችን «ድርሰት በቢጋር አይታሰርም፤ መንፈስ ነው» ይሉናል። በአክብሮት አልስማማም። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ከማግኘቱ በፊት ቤቱን፣ ማለትም የስንኙን ቁጥር፣ ያውቃል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት መሆኑን አውቆ ነው ብቻውን ወጥቶ የሚቆጥረው። ልኩ መታወቁ ምሥጢሩን አላደረቀበትም።

ከቅደም ተከተል ልጀምር፤ የብዙዎቻችን ችግር እሱ ነውና። እዚህ ብዙ የማያስፈልግ ወጪ አያለሁ። በላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ወርድ ይህን ይሠራል። የምዕራፍ ርዕሱን «ሄዲንግ 1»፣ የትዕይንቱን አጭር ርዕስ «ሄዲንግ 2» አድርጉት። ከዚያ ናቪጌሽን ፔን የሚባለውን ክፈቱ፤ መጽሐፋችሁ በግራ በኩል እንደ ማውጫ ይዘረጋል። ምዕራፍ 9ን በመዳሰሻው ይዛችሁ ከምዕራፍ 6 በላይ ብታስቀምጡት ጽሑፉ በሙሉ ተከትሎት ይሄዳል። ወርድ የሌለው ሊብረኦፊስን በነጻ ያውርድ፤ ኤፍ 5ን ሲጫን ናቪጌተር ይከፈትለታል፣ ምዕራፍም ከነጽሑፉ ያንቀሳቅስለታል። ለትዕይንቱ ርዕስ ስትሰጡ «ትዕይንት 12» ብቻ አትበሉት። «አባትየው ደብዳቤውን አቃጠለ» በሉት። ማውጫው ራሱ ቢጋር የሚሆነው ያኔ ነው። ርዕስ ልታወጡለት ያቃታችሁ ትዕይንት ካለ፣ ምንም የማይፈጸምበት ትዕይንት ሊሆን ስለሚችል ቆም ብላችሁ እዩት።

ትዕይንቶቹ በዝተው ይህ የማይበቃው ሰው ስክሪቭነር ወደተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ቢሄድ አልቃወምም። ስክሪቭነርን ኪዝ ብላውንት የተባለ እንግሊዛዊ የሠራው ራሱ መጻፍ ፈልጎ የሚስማማው ስላጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በመጀመሪያ ለማክ ወጣ፣ ለዊንዶውስ በኋላ ተከተለ። እያንዳንዱ ትዕይንት በቡሽ ሰሌዳ ላይ እንደተሰካች ካርድ ይታያል፤ ካርዷን ስታዛውሩ ጽሑፉም አብሮ ይዛወራል። የሙከራ ጊዜው 30 ቀን ነው፤ የሚቆጥረው ግን የከፈታችሁበትን ቀን ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚጽፍ ሰው 15 ሳምንት ይሞክርበታል ማለት ነው። ክፍያው አንድ ጊዜ ነው፣ ነገር ግን በውጭ ምንዛሪ። በየወሩ በዶላር የሚያስከፍሉትን በተመለከተ ግን ምክሬ አጭር ነው፦ ካርዳችሁ አልሠራ ያለ ወር መጽሐፋችሁ የሚቆለፍበት ቦታ አትግቡ።

ነጻ ለሚፈልግ ዋይራይተር አለ። ሳይመን ሄይንስ የተባለ፣ በአውስትራሊያ የሚኖር ደራሲና ፕሮግራመር የሠራው ነው። መጽሐፉን በምዕራፍና በትዕይንት ይከፍላል፤ በየትዕይንቱ ማን እንዳለና የት እንደሆነ ያስመዘግባል። መልኩ አይማርክም፤ ሥራውን ግን ይሠራል።

አሁን ወደ ዘመን ልምጣ፤ እኛ ጎንደር ያለን ሰዎች ከሌላው በላይ የምንቸገርበት እዚህ ነው። ከመካከላችን ስንቱ ነው የፋሲልን፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱን፣ የእቴጌ ምንትዋብን ዘመን የሚጽፈው? ከተማችን ስትቆረቆር፣ እ.ኤ.አ. በ1636 የሆነን ነገር ኤክሴል ላይ እንደ ቀን አስገቡ፤ አይቀበላችሁም። የኤክሴል የቀን ስሌት የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከ1900 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ለእሱ ተራ ጽሑፍ ነው፤ አይደምርም፣ አይቀንስም። ስለ ቅርቡ ዘመን የሚጽፈውም አያመልጥም። ታሪኩ ከነሐሴ 1966 ተነሥቶ ንጉሡ ከዙፋን እስከወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967 የሚዘልቅ ልብ ወለድ አስቡ። ለገጸ ባሕርያቱ ዓመት ተለውጧል፤ እንቁጣጣሽ አልፏል፤ አደይ አበባ ፈክቷል። በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚያሰላው ፕሮግራም ግን ሁሉም ያው 1974 ነው። ጳጉሜንንም አያውቃት።

እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። በሰንጠረዥ ላይ ቀኑን በአንድ ሳጥን አልጽፍም። ዓመቱን በአንድ፣ ወሩን ከ1 እስከ 13 በሁለተኛ፣ ቀኑን በሦስተኛ ዓምድ፣ ሁሉንም እንደ ተራ ቁጥር እጽፋለሁ። ከዚያ በሦስቱ ዓምዶች በቅደም ተከተላቸው አሰልፋቸዋለሁ። 1628ም ይሁን 1967፣ ጳጉሜን 13ኛ ሆና ቦታዋን ትይዛለች። በአራተኛው ዓምድ የባለታሪኩን ዕድሜ፣ በአምስተኛው ደግሞ በዚያ ቀን የሚያውቀውን ምሥጢር እጽፋለሁ። ይህ አምስተኛው ዓምድ ብዙ አድኖኛል፤ ልጅቷ ገና ያልተነገራትን ነገር ጠቅሳ ስታለቅስ የያዝኳት በእሱ ነው። ኤዮን ታይምላይን የሚባለው ፕሮግራም የራሳችሁን የቀን አቆጣጠር እንድትሠሩ ይፈቅዳል፤ አቅሙ ያለው 13 ወር አድርጎ ሊያስተካክለው ይችላል።

ለስምና ለማስታወሻ ኦብሲዲያን የሚባለውን የማስታወሻ ፕሮግራም እወዳለሁ። ምክንያቴ አንድ ነው፦ የምትጽፉት ሁሉ በራሳችሁ ፎልደር ውስጥ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፤ ኦብሲዲያን ነገ ቢጠፋ በማንኛውም ፕሮግራም ይከፈታል። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋም ባትሪ እስካለ ድረስ አብሯችሁ ነው። ጉግል ዶክስ የምትጠቀሙም ከኢንተርኔት ውጭ መሥራት የሚያስችለውን ምርጫ ኔትወርክ እያለ አስቀድማችሁ አብሩት፤ ከጠፋ በኋላ ማብራት አይቻልም።

ይህን የመውጫ በር ነገር፣ ማለትም ጽሑፋችሁን ከፕሮግራሙ ይዛችሁ መውጣት መቻላችሁን፣ ደጋግሜ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ዛሬ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሰነዱን ስትከፍቱ የተዘበራረቀ ላቲን ብቻ ይወጣል። አንድ ታላቅ ወንድሜ የምለው ጸሐፊ እንዲህ ያለ ረቂቅ ሲዲ ላይ አለው፤ ሲዲው ደህና ነው፤ ልብ ወለዱ ግን አይነበብም። ስለዚህ አዲስ ፕሮግራም ስትሞክሩ በመጀመሪያው ምሽት አንድ ገጽ አማርኛ ጻፉበት፤ ዝጉት፤ ክፈቱት፤ ወደ ወርድ አውጡት፤ ለራሳችሁ በቴሌግራም ልካችሁ ስልካችሁ ላይ አንብቡት። አራት ነጥቡና ድርብ ሰረዙ ሳይቀር በቦታው ከደረሰ፣ ምዕራፍ አንድን አምናችሁ ስጡት። ካልደረሰ ግን ምንም ያህል ቢያምር ተዉት።

አሁን የምጽፈው ሦስተኛ መጽሐፍ አቃፊ ውስጥ የመጀመሪያው ፋይል «ስሞች» ይባላል። እያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር አለው፤ ስሙ በየትኛው ሀ፣ በየትኛው ሠ እንደሚጻፍ ተወስኖ ሰፍሯል፤ ስልኬ ላይም ያው ሰንጠረዥ አለ። ባጃጅ ስጠብቅ ልጽፍ ስል መጀመሪያ እሱን እከፍታለሁ።

ላፕቶፔን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከመድረኩ ጎን ጠረጴዛው ላይ አለ። ፍላሻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ምዕራፎቻችሁን አብረን ርዕስ እናስይዛቸው። ሐረገወይን የምትባል ገጸ ባሕርይ ያለችው ካለ፣ ከእሱ እንጀምራለን።

አመሰግናለሁ።